ወንድሜ የያዘው ወረቀት ኑዛዜ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባታችን ካረፈ ዓመት አልሞላውም። እናታችን አለች፤ እኛ ልጆቹ ሦስት ነን። በቅርቡ ታላቅ ወንድሜ አንድ ወረቀት አወጣ። «አባዬ ቤቱን ለኔ ተናዞልኛል» ይላል። ጽሑፉ የጓደኛው እጅ ነው። ከታች የአባቴ ፊርማ አለ፤ ሁለት ምስክሮችም ፈርመዋል። ቤቱ አባቴና እናቴ ከተጋቡ በኋላ የሠሩት ነው። አሁን «በኑዛዜው ተስማምተናል» የሚል ሰነድ አዘጋጅቶ ፈርሙ እያለን ነው። እናቴ ደግሞ ልጆቼ ፍርድ ቤት አይካሰሱም ብላ ታለቅሳለች። ምን ላድርግ?
ታናሽ እህት

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ እህቴ። ከሁሉ በፊት፣ እንዳይፈርሙ። የፈረሙትን ስምምነት በኋላ ላፍርስ ማለት ብዙ ያንከራትታል።

ወደ ወረቀቱ ልምጣ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል፦ በግልጽ የሚደረግ፣ ተናዛዡ በራሱ እጅ የሚጽፈው እና የቃል። የቃሉን እንተወው፤ ቤት አይተላለፍበትም። በራስ እጅ የሚጻፈው ደግሞ ሙሉ በሙሉ የአባትዎ የእጅ ጽሑፍ መሆን ነበረበት። የጓደኛ እጅ ከገባበት እሱም ቀረ።

የቀረው በግልጽ የሚደረገው ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ሌላ ሰው መሆኑ ችግር የለውም፤ ተናዛዡ እየተናገረ ሌላው ሊጽፍለት ይችላል። ጣጣው ሌላ ነው። ኑዛዜው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑ በጽሑፉ ላይ መጠቀስ አለበት። ሁሉም እዚያው መፈረም አለባቸው። ሁለት ምስክር የሚበቃው አንደኛው በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ብቻ ነው። አንቀጽ 881 እና 882ን ያንብቡ፤ አጭር ናቸው።

እንግዲህ ሁለቱ ምስክሮች እነማን ናቸው? ጎረቤትና ወዳጅ ከሆኑ ወረቀቱ ኑዛዜ አይደለም። «አባዬ ግን በርግጥ እንደዚያ ፈልጎ ነበር» የሚለው ክርክር አያድነውም። ሕጉ ነገር ያበዛ ይመስላል፤ እኔ ግን በዚህ ነጥብ ከሕጉ ጋር ነኝ። ባለቤቱን ጠርቶ መጠየቅ የማይቻልበት ጉዳይ ነውና። የወረቀቱን ቅጂ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይውሰዱ። ኑዛዜን ለመቃወም ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ በቀናትና በወራት የሚቆጠር ነው።

ወንድምዎ ቀንቶት ኑዛዜው ቢጸናስ? ያኔም ቤቱ ሙሉውን የሱ አይሆንም። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ ነው፤ አባትዎ የእናትዎን ግማሽ ለማንም ሊናዘዙ አይችሉም። ይሄን ብዙ ሰው ያምታታዋል። ሚስት ያለ ኑዛዜ የባሏ ወራሽ አይደለችም፤ ግማሹን የምትወስደው የራሷ ስለሆነ ነው። በጡረታ በኩል ለእናትዎ የሚከፈል አበል ካለም ከውርሱ ጋር አይደባለቅ፤ የውርስ ሀብት አይደለም።

ኑዛዜው ከወደቀ ሒሳቡ ቀላል ነው። የቤቱ ግማሽ የእናትዎ፤ ሌላው ግማሽ ለሦስት እኩል። እያንዳንዳችሁ የቤቱን አንድ ስድስተኛ ታገኛላችሁ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ግን ውርሱ ይጣራ፦ የቀብር ወጪ፣ የማጣራቱ ወጪ፣ የሟች ዕዳ በዚሁ ቅደም ተከተል ይከፈላል።

ለእናትዎ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ፍርድ ቤት መሄድ ሁሉ ክስ አይደለም። የወራሽነት ማረጋገጫ የሚገኘው ከዚያው ነው፤ ሦስታችሁም ተያይዛችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። የሞት የምስክር ወረቀትና ልጅነታችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ።

ጥያቄ፦ የወራሽነት ማረጋገጫ ከወሰድን በኋላ አባታችን ከጋብቻ ውጭ የወለደው ነኝ የሚል ልጅ መጣ። አልፎበታል አይደል?

መልስ፦ እንደሱ አይባልም። ከጋብቻ ውጭ መወለድ በውርስ ላይ ልዩነት አያመጣም፤ አባትነቱ ከተረጋገጠ ድርሻው ከናንተ እኩል ነው። ማስረዳቱ የሱ ድርሻ ነው። ማረጋገጫችሁም በፍርድ ቤት ሊሰረዝ ይችላል። መብቱንና ንብረቱ በእጃችሁ መሆኑን ካወቀ ጀምሮ ለመክሰስ 3 ዓመት አለው። 15 ዓመት ካለፈ ግን፣ የቤተሰብ ርስት ካልሆነ በቀር፣ አይሰማም። እውነት ወንድማችሁ ከሆነ፣ ምክሬን ከጠየቃችሁኝ፣ ጠበቃ ከመቅጠራችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ አነጋግሩት።

የሌላ ሰው ጥያቄ፦ እናቴ አርፋለች። ዕዳዋን ከደሞዜ እከፍላለሁ?

መልስ፦ አይከፍሉም፤ ዕዳው የሚከፈለው ትታው ከሄደችው ሀብት ነው። ውርሱን ጨርሶ አልፈልግም ካሉ ግን ቶሎ ይወስኑ። ወራሽ መሆንዎን ካወቁ በኋላ ለእምቢታ ያለዎት ጊዜ አንድ ወር ነው። እስኪወስኑ ድረስ ከዕቃዋ ምንም አይሽጡ።