ገዢው ታንታላይታችንን “26.2 በመቶ ነው” አለን፤ እንክሰሰው?

ጥያቄ፦ ከሸሪኮቼ ጋር በጉጂ ዞን የተመረተ 20 ቶን ታንታላይት (ታንታለም የተባለው ብረት የሚወጣበት ማዕድን) ወደ ውጭ ልከናል። ውሉ “በፓውንድ ታንታለም 80 ዶላር፣ በተገኘው ይዘት ልክ” ይላል። እኛ ያስመረመርነው 32 በመቶ ሲል የገዢው ላብራቶሪ 26.2 በመቶ አለ። ገዢው በራሱ ቁጥር አስልቶ ከፈለን። ቀሪውን በፍርድ ቤት መጠየቅ እንችላለን?

መልስ፦ ክስ ከመመሥረትዎ በፊት ሁለቱን የምርመራ ሰርተፍኬቶች ጎን ለጎን ያስቀምጡና ከቁጥሩ አጠገብ የተጻፈውን ያንብቡ። 32ን በ0.819 ያባዙ፤ 26.2 ይመጣል። ይህ እንዲያው የተገጣጠመ አይመስለኝም። ታንታለም ፔንቶክሳይድ፣ ማለትም ታንታለም ከኦክስጅን ጋር የተዋሃደበት ኦክሳይድ፣ በክብደቱ 81.9 በመቶው ንጹሕ ታንታለም ነው፣ ቀሪው ኦክስጅን። ስለዚህ የእናንተ ላብራቶሪ ኦክሳይዱን፣ የገዢው ብረቱን ጽፎ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ሁለቱም አልተሳሳቱም።

በገንዘብ ግን ልዩነቱ ቀላል አይደለም። 20,000 ኪሎ በ32 በመቶ 6,400 ኪሎ ነው፤ በ26.2 በመቶ ደግሞ 5,240 ኪሎ። የ1,160 ኪሎ ልዩነት 2,557 ፓውንድ ገደማ ስለሆነ በ80 ዶላር ወደ 204,600 ዶላር ይደርሳል።

ጭቅጭቁ እንግዲህ “ታንታለም” የሚለው ቃል ምን ማለት ነው የሚለው ላይ ነው። በዚህ ንግድ የታንታላይት ዋጋ የሚነገረው በአንድ ፓውንድ ኦክሳይድ ነው። ታንታለም በለንደን የብረታ ብረት ገበያ ስለማይገበያይ የምትጠቅሱት ይፋዊ የገበያ ዋጋ የለም፤ የውሉ ቃል ሁሉንም ይወስናል። ውላችሁ በኢትዮጵያ ሕግ የሚዳኝ ከሆነ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1713 ተዋዋዮች በልማድና በቅን ልቦና ጭምር እንደሚገደዱ ይደነግጋል፤ በዚያ ላይ ተመሥርታችሁ መከራከር ትችላላችሁ። ገዢው በበኩሉ “ቃሉ ግልጽ ነው፣ ታንታለም ብረት ነው” ብሎ ግልጽ የውል ቃል አይተረጎምም የሚለውን ቁጥር 1733ን ይጠቅሳል። የዋጋ ድርድሩን የያዙ ኢሜይሎች፣ የመጀመሪያው የዋጋ ማቅረቢያና ኢንቮይሱ ኦክሳይድ የሚል ካላቸው ሚዛኑ ወደ እናንተ ያጋድላል። ውሉ የግልግል አንቀጽ ካለው ደግሞ መንገዱ ፍርድ ቤት ላይሆን ይችላል፤ መጀመሪያ እሱን ይመልከቱ።

ልዩነቱ የብረትና የኦክሳይድ ካልሆነ ጥርጣሬው ወደ ናሙናው ወይም ወደ አሠራሩ ይሄዳል። ታንታለም በአብዛኛው አሲድ አልሟሟም የሚል ብረት ነው፤ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ወይም የማቅለጥ ዘዴ ያልተጠቀመ ላብራቶሪ ዝቅ ያለ ቁጥር ያወጣል። በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መሣሪያ ለፍለጋ ይጠቅማል፣ ለሂሳብ መዝጊያ ግን አይሆንም። እርጥበትም አለ፦ ክፍያው በደረቅ ክብደት ከሆነ 2 በመቶ እርጥበት ብቻ በዚህ ጭነት ላይ ወደ 22,600 ዶላር ይወስዳል።

ገዢው ጉድለት አለ የሚል ከሆነ ዕቃውን እንደ ደረሰው መርምሮ ወዲያው ማስታወቅ ነበረበት (የዚሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2291 እና 2292)። ማስታወቂያው የደረሳችሁን ቀን ያረጋግጡ፤ ወራት ቆይቶ ቢመጣ ጥሩ መከላከያ ነው።

ለሚቀጥለው ጭነት ውሉ “በፓውንድ ታንታለም ፔንቶክሳይድ፣ በደረቅ ክብደት” ይበል። ናሙና በርሜሎቹ ሲጫኑ ገለልተኛ መርማሪ ይውሰድ፤ በማኅተም ተዘግቶ ለሻጭ፣ ለገዢና ለዳኛ ላብራቶሪ (ሁለቱ ሲለያዩ ለሚወስነው ሦስተኛ ላብራቶሪ) ይከፋፈል። የሁለታችሁ ውጤት ልዩነት ከ0.5 የመቶኛ ነጥብ ካልበለጠ አማካዩ ይያዝ፤ ከበለጠ ዳኛው ይመርምር፣ ወጪውን ከዳኛው ውጤት የራቀው ይክፈል። በማዕድኑ ውስጥ ላሉ ራዲዮአክቲቭ ዩራኒየምና ቶሪየም ከዋጋው የሚቀነሰው ቅጣትም በቁጥር ይጻፍ፤ ከ10 ቤክረል (የጨረር መለኪያ) በግራም ያለፈ ጭነት በራዲዮአክቲቭ ዕቃ ደንብ ስለሚጓጓዝ እምቢ የሚል መርከብ ብዙ ነው።

አሁን ለገዢው በጽሑፍ ሙሉ የምርመራ ሪፖርቱን ይጠይቁ፤ የተከፈለውን “በከፊል” መቀበላችሁንም ይግለጹ። ለባንካችሁም ያሳውቁ፤ በኤክስፖርት ሰነዱ ላይ ያለው ዋጋና የገባው ዶላር ካልተገጣጠመ ተጠያቂው ላኪው ነው። እጃችሁ ላይ ያለውን ናሙና ማኅተም ግን ማንም ቢጠይቅ እንዳትከፍቱት።