ሰላጣ በውኃ፦ ባልዲ ወይስ ገንዳ?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። ሰላጣን ያለ አፈር፣ ሥሩን ማዳበሪያ በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ ነክሬ ላሳድግ አስቤያለሁ። ለየተክሉ 20 ሊትር ባልዲ ይሻላል ወይስ አንድ ገንዳ?

መልስ፦ ገንዳውን ይምረጡ። ባልዲ የሚበልጠው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንዱ ቢታመም ሌላውን አይበክልም። በድሬዳዋ ዋናው ጠላት ሙቀት ሲሆን፣ 200 ሊትር ውኃ ከ20 ሊትር ይልቅ ቀስ ብሎ ይሞቃል። ውኃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ሥሩ ይታፈናል፣ ቡናማና ዝልግልግ ይሆናል፣ ይሸታል። ስለዚህ ከ24 ዲግሪ በታች ያቆዩት፦ ገንዳውን ግማሽ ድረስ ይቅበሩ፣ ውጪውን ነጭ ቀለም ይቀቡ፣ ዳስ ይጣሉበት።

ውኃው ውስጥ አየር የሚነፋው ፓምፕ ሌት ተቀን ይሥራ። መብራት ሲጠፋ እንዳይጎዳ፣ ተክሉን የሚይዘውን ፎም በውኃው ላይ አያንሳፉት፤ በገንዳው አፍ ላይ ያሳርፉትና ውኃውን ከፎሙ በታች 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ያድርጉት። በክፍተቱ ያለው ሥር ከአየር ይተነፍሳል። ችግኞቹ ገና ሲተከሉ ግን ውኃው ሥራቸውን መንካት አለበት።

ፒኤቹ (የውኃው አሲድነት መለኪያ) ከ5.5 እስከ 6.5 ይሁን። ኖራ የበዛበት ውኃ ቶሎ ከፍ ያደርገዋልና በየጠዋቱ ይለኩ።