«ሊወስዷት ነው» ላሉኝ እናት

ደብዳቤው የመጣው ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ረጅም ስለሆነ አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«የ23 ዓመት ልጄ ዘንድሮ በነርሲንግ በዲግሪ ትመረቃለች። እዚሁ አሜሪካ ነው የወለድኳት። አረጋውያን ቤት በሲ ኤን ኤ (ረዳት ነርስ) ሥራ፣ ደብል ሺፍት እየገባሁ ነው ያስተማርኳት። አሁን ሆስፒታል ትቀጠራለች ስል የአሜሪካ ጦር ውስጥ ነርስ እሆናለሁ አለችኝ። ሪክሩተርም (የጦሩን መልማይ) አግኝታለች። ሊወስዷት ነው። ደሞዙ ከሆስፒታል ያንሳል ይባላል። የጎረቤታችንን ልጅ ነርስ ትሆናለህ ብለው ወስደውት ተራ ወታደር ነው ያደረጉት። ወታደር ቤት ነርስን ማን ያከብራታል? ትምህርቷስ እዚያው ላይ ሊቆም አይደል? ብዙ ለመንኳት፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላለች። ከሄድሽ ልጄ አይደለሽም አልኳት። ፓስፖርቷንና የልደት ወረቀቷንም ደብቄባታለሁ። ወንድሜንም በ80 ዓ.ም ወስደውት ቀርቷል፣ እናቴ በእሱ ሐሳብ ነው የሞተችው፤ ግን እሱ የድሮ ነገር ነው። እባክዎ ሐሳቧን የማስቀይርበትን መንገድ ይንገሩኝ።»

እህቴ፣ መጀመሪያ የጠየቁኝን ልመልስ። መልስ ያላቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ልጅዎ ተራ ወታደር አትሆንም። ጦሩ በነርስነት የሚቀበለው የባችለር ዲግሪና የአር ኤን (የተመዘገበ ነርስ) ፈቃድ ያለውን ሰው ነው፤ የሚገባውም በመኮንንነት ነው። መነሻው በእኛ አገር አጠራር ምክትል መቶ አለቃ ነው። ብዙውን ጊዜ ከዓመት ተኩል በኋላ መቶ አለቃ፣ አራት ዓመት አካባቢ ሲሞላ ደግሞ ሻምበል ይኮናል። የጎረቤትዎ ልጅ በሌላ በር የገባ ይመስለኛል። ዲግሪ የሌለው ሰው በወታደርነት ተመዝግቦ ሜዲክ (የጦር ሜዳ ሕክምና ረዳት) ወይም ኤል ፒ ኤን (ከአር ኤን በታች ያለ ነርስ) ሊሆን ይችላል። ሕክምና ላይ ይሠራል፣ መኮንን ግን አይደለም። እሱም ቢሆን አልተዘጋበትም፤ ደሞዙ እየተከፈለው የነርሲንግ ዲግሪ ጨርሶ መኮንን የሚሆንበት ፕሮግራም ጦሩ ውስጥ አለ።

«ነርስን ማን ያከብራታል» ያሉት አንድ ዘመን እውነት ነበር። የጦሩ የነርሶች ክፍል እ.ኤ.አ. በ1901 ሲቋቋም ነርሶቹ ማዕረግ አልነበራቸውም። ሙሉ የመኮንንነት ማዕረግ በቋሚነት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ዛሬ ግን የሃያ ዓመት ልምድ ያለው ሳጅን እንኳ ልጅዎን ሲያገኛት ቀድሞ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣታል።

ደሞዙን በተመለከተ ግማሽ ልክ ነዎት። እ.ኤ.አ. በ2025 የአንድ ጀማሪ መኮንን መነሻ ደሞዝ በወር 4,000 ዶላር ገደማ ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ አዲስ አር ኤን ሆስፒታል ገብታ ከዚህ የበለጠ ልታገኝ ትችላለች። ነገር ግን ከመነሻው በላይ ታክስ የማይቆረጥበት የቤት ኪራይና የምግብ አበል አለ፣ ሕክምናዋም ነጻ ነው፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ አላት። የፊርማ ጉርሻ ወይም የተማሪ ብድር ክፍያ ሊኖርም ይችላል፤ ይሄ ግን ከሰው ሰው ስለሚለያይ ኮንትራቱ ላይ ካልተጻፈ የለም ብላ ታስብ።

ትምህርቷም አይቆምም። እንዲያውም ጦሩ ከሚሰጣቸው ነገሮች ትልቁ እሱ ይመስለኛል። ቤተስዳ ላይ፣ ከእናንተ ብዙም ሳይርቅ፣ የአሜሪካ ጦር ኃይሎች የጋራ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ አለ። እዚያ ነርሶች ሙሉ ደሞዛቸውን እየወሰዱ፣ የትምህርት ክፍያ ሳይጠየቁ፣ በማደንዘዣ ሕክምና እስከ ዶክትሬት ይማራሉ። በምትኩ ተጨማሪ ዓመታት ያገለግላሉ።

ላባብልዎት ግን አልፈልግም። ጦር ጦር ነው። የመጀመሪያው ውል በጠቅላላው 8 ዓመት ነው፤ የተወሰነው በሙሉ ሰዓት ሥራ፣ ቀሪው በተጠባባቂነት። ሥራው አልተስማማኝም ብሎ በሁለት ሳምንት ማስታወቂያ መልቀቅ የለም። የት እንደምትኖር የሚወስነው ትእዛዝ ነው። ወደ ግጭት ቦታ ልትላክም ትችላለች። እሷም ይሄን አውቃ ነው መፈረም ያለባት።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይሄን ሁሉ ሲያነቡ ልብዎ ቀለል አለ?

አይመስለኝም። ደሞዙ የሆስፒታሉን እጥፍ ነው ብዬ ብጽፍልዎትም ዛሬ ማታ እንቅልፍ ይወስድዎታል ብዬ አላስብም። ሥጋትዎ ያለው ገንዘቡ ላይ አይደለም። ገንዘቡ ቢያንስ ሊቆጠር ይችላል፤ ለዚያ ነው እሱን የያዙት። ሰው የሚፈራው ነገር ስም ሲያጣበት የሚቆጠር ነገር ይይዛል። በሥራዬ ይሄን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ሙሉ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሳሳጥረው የቀሩትን ጨምሮ «ሊወስዷት ነው» የሚለው አምስት ቦታ አለ። አንድ ቦታ ላይ «ከወሰዷት በኋላ» ብለው እንዳለቀ ነገር ጽፈውታል። «ልትሄድ ነው» የሚል የትም የለም። መሄድ የሚለው ቃል የመጣው አንዴ ብቻ ነው፤ «ከሄድሽ ልጄ አይደለሽም» ሲሏት። ስታጠፋ እሷ ሄዳ ነው፣ ሌላውን ጊዜ ሁሉ የሚወስዷት ሰዎች አሉ።

እነማን ናቸው እነዚያ ሰዎች? ሪክሩተሩ? እሱማ አንድ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ ፎርም የሚያስሞላ ሰው ነው። ልጅዎ ናት በእግሯ የሄደችው። እኔ ሳነበው የታየኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በ80 ዓ.ም በርዎን ያንኳኩት ሰዎች ናቸው።

ስለ ወንድምዎ የጻፉት አንድ መስመር ብቻ ነው፣ እሱንም «የድሮ ነገር» ብለው ዘግተውታል። ያን ዘመን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ብሔራዊ ውትድርና ታወጀ፣ ቀበሌዎች ኮታ ተሰጣቸው፣ አፈሳ መጣ። ልጅ ከትምህርት ቤት፣ ከገበያ፣ ከመንገድ ተይዞ ሄደ። እናቶች ልጆቻቸውን ቆጥ ላይ፣ ጎተራ ውስጥ ይደብቁ ነበር። እርስዎ ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ፓስፖርትና የልደት ወረቀት ደብቀዋል። ይሄን የምጽፈው ልወቅስዎት ብዬ አይደለም። እዚያ መስመር ላይ ስደርስ ንባቡን አቁሜ ነበር። በደበቁት ወረቀት ልጅዎን ብቻ አይደለም የሸሸጉት ብዬ አሰብኩ።

ደግሞ «ሞተ» አላሉም። «ወስደውት ቀርቷል» ነው ያሉት።

ቀረ። ይሄ ቃላችን ከባድ ነው። የሞተ ሰው መርዶ አለው። ለቅሶ ይቀመጡለታል፣ ሰልስት አለው፣ ዓርባ አለው፣ ጥቁር ይለበስለታል፣ ከዓመት በኋላም ጥቁሩ ይወልቃል። የቀረ ሰው ይሄ ሁሉ የለውም። ከለቀሱለት እንደ መግደል ነው፤ ካላለቀሱለት ደግሞ በደረት ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል። ውትድርና ሄደው ከቀሩት ውስጥ መርዷቸው ያልመጣ ብዙ ናቸው። ግንቦት 1983 ላይ ጦሩ ሲበተን የሚጠየቅ ክፍለ ጦር እንኳ ጠፋ። እናቶች እግር ኮቴ በሰሙ ቁጥር ቀና እያሉ አረጁ። እናትዎ «በእሱ ሐሳብ ነው የሞተችው» ሲሉ ይሄን እየነገሩኝ ይመስለኛል።

ፖሊን ቦስ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቬትናም ላይ የጠፉ አብራሪዎችን ሚስቶች ታጠና ነበር። ባል ሞቷል አይባል፣ በሕይወት አለ አይባል። እንዲህ ያለው ኀዘን ከሌላው የሚለየው መጨረሻ ስለሌለው እንደሆነ አስተዋለች፤ ስምም ሰጠችው። እኛ ግን በአንድ ቃል «ቀረ» ስንል ኖረናል። ቃሉ እያለን ሥርዓት አልሠራንለትም።

አሁን ልጅዎ መጣችና ወታደር እሆናለሁ አለች። እሷ እየነገረችዎ ያለችው ስለ ሥራ ነው። እርስዎ የሰሙት በር ሲንኳኳ ነው። በአእምሮዎ አሜሪካና ደርግ፣ ዛሬና 80 ዓ.ም፣ የመኮንን ኮንትራትና አፈሳ እንደሚለያዩ ያውቃሉ። ሰውነትዎ ግን አይለያቸውም። ያኔ 13 ወይም 14 ዓመትዎ ቢሆን ነው። የዚያ ዕድሜ ልጅ ወንድሟ ሲወሰድ ማንም ቁጭ አድርጎ አያስረዳትም፤ እናቷን ስታይ ብቻ ነው የምትማረው። እርስዎ ያዩት ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀች እናት ነው። አሁን ተራው የእኔ ነው ብለው የፈሩ ይመስለኛል።

ልሳሳት እችላለሁ። ከአንድ ደብዳቤ ሰውን ሙሉ በሙሉ ማወቅ አይቻልም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ላይስማማዎት ይችላል፣ በፍቅር ይቀበሉኝ። «ከሄድሽ ልጄ አይደለሽም» ያሉት ነገር እውነት ከሆነ፣ ልጅዎን እንድትቀር የሚያደርጋት ጦሩ ሳይሆን እርስዎ ነዎት። እሷ ሳንአንቶኒዮ ለሥልጠና ሄዳ ስልክ ልትደውል ትችላለች፣ ፎቶ ልትልክ ትችላለች፣ በፈቃዷ ቤት መጥታ ሽሮ ልትበላ ትችላለች። ወንድምዎ ይሄ አንዱም አልነበረውም። ልጄ አይደለሽም ከተባለች ግን አትደውልም። ያኔ በሕይወት እያለች ቀረች ማለት ነው። የፈሩትን ነገር በገዛ እጅዎ እየሠሩት እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ሌላም አለ። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ልጅዎ ለምን እንደፈለገችው አልጻፉልኝም። ምን አለች? ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለቷን ብቻ ነው የነገሩኝ። የ23 ዓመት ሴት ናት፣ ቀላል ያልሆነ ትምህርት ጨርሳለች፣ ከሌሎች ሁሉ መርጣ ወደ ወታደሮች መሄድ ፈለገች። የአጎቷን ፎቶ አይታ ታውቃለች? ስሙንስ ታውቃለች? የአጎቷ ታሪክ ነው የወሰዳት እያልኩ አይደለም፤ ገንዘብ ሊሆን ይችላል፣ ማደንዘዣ መማር ሊሆን ይችላል፣ ከቤት መውጣትም ሊሆን ይችላል። ግን ቤት ውስጥ ማንም የማያወራለት ሰው ሲኖር ልጆች ያውቁታል። ዝምታው የት አካባቢ እንደሆነ ያውቃሉ። ስለዚህ ለምን እንደፈለገችው እሷን ይጠይቋት፣ ምክር ሳይጨምሩም ይስሟት።

ምን ያድርጉ? ብዙ አልልዎትም። ወረቀቶቿን ይመልሱላት። ሲመልሱላት ለምን እንደደበቁ ይንገሯት፤ ስለ ደሞዙ ሳይሆን ስለ 80 ዓ.ም። ቢያለቅሱም ምንም አይደለም። ከፈቀደች ሪክሩተሩ ጋ አብረዋት ይሂዱ፣ እሱ የሚለው ነገር ሁሉ ኮንትራቱ ላይ መኖሩን አብራችሁ እዩ። ዛሬ እንድትፈርም የሚያስገድዳት ነገር ካልኖረ ትንሽ ብትቆይ አይጎዳትም፤ ይሄን መለመን መብትዎ ነው፣ መከልከል ግን አይደለም።

ለራስዎ ደግሞ ፊት ለፊት የሚያናግሩት ባለሙያ ቢያገኙ ደስ ይለኛል። በዲሲና በሜሪላንድ አካባቢ አማርኛ የሚናገሩ አሉ፤ ይሄን ታሪክ በአማርኛ መናገር ይለያል፣ «ቀረ» የሚለውን ማስተርጎም አያስፈልግም። የነፍስ አባት ካለዎትም ስለ ወንድምዎ ያማክሯቸው። በአንድ ቀን የሚቀል ነገር አይደለም፣ ወራት ሊወስድ ይችላል።

ልጅዎን ካነጋገሯት በኋላ መልሰው ይጻፉልኝ። በዚህኛው ግን እሷ ያለችውን፣ እንዳለችው አድርገው ይጻፉት። የወንድምዎንም ስም።