«የእናቴን ጌሾ አስቆረጠብኝ»

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎት ከፍኖተ ሰላም አቅራቢያ ነው። የአምስት ወር ሴት ልጅ አለችኝ። የምንኖረው እናቴ መጋቢት አጋማሽ ላይ ካረፈች በኋላ በወረስኩት ቤት ነው። ክረምቱን ሙሉ ጓሮው በሙጃና በሳማ ተውጦ አጥሩ እንኳ አይታይም ነበር። ባለቤቴ መምህር ነው፤ ከሥራ ሲመለስ ልጅቷን ታቅፎ ይዞራል እንጂ ማጭድ አይነካም። ልጄን አዝዬ እኔው ማረም ጀመርኩ፤ አንድ ቀን እግሯን ሳማ ለብልቧት ስታለቅስ አደረች። ከመስቀል ማግሥት ጀምሮ በዚሁ ስንጨቃጨቅ ከርመን፣ «ማንንም አምጥተህ አስመንጥረው» ስለው የቀን ሠራተኛ ቀጠረ። ሠራተኛውም እናቴ የተከለችውን ጌሾ ሳይቀር በገጀራ ጨፍጭፎት ሄደ። ካላናገርኩት ሁለት ሳምንት ሆነኝ። እንዲህ ያለ ግድ የለሽ ሰው ኃላፊነት እንዲሰማው ምን ላድርግ? (አራት ገጽ ከነበረው ደብዳቤ ያጠረ)

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው እርሳስ ይዤ ቆጠርኩ። ጌሾው ዘጠኝ ጊዜ ተነሥቷል፤ ባለቤትሽ ከዚያም በላይ፤ ልጅሽ ሦስት ጊዜ ብቻ። የእናትሽ ዕረፍት ግን ቤቱ እንዴት የአንቺ እንደሆነ ለማስረዳት ያህል በአንዲት ሐረግ ታልፏል። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ ፈልጌ አይደለም። ሰው እጅግ የከበደውን ነገር ብዙውን ጊዜ እንዲህ በጥግ በኩል ጠቅሶት ስለሚያልፍ ነው።

ስለ ባለቤትሽ የምነግርሽ የጠበቅሽውን ላይሆን ይችላል። በራስሽ ጽሑፍ ውስጥ የማገኘው ሰው ሲያስተምር ውሎ ልጁን የሚታቀፍ፣ ሌሊት ስታለቅስም ካንቺ ቀድሞ የሚነሣ ሰው ነው። «ማንንም አምጥተህ አስመንጥረው» አልሽው፤ አስመነጠረው። ጌሾው እንዳይነካ የነገርሽው መሆኑን ከአራቱ ገጽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ሳትነግሪው እንዲያውቅልሽ ፈልገሽ ነበር። ሳትነግሪያቸው ያውቁልሽ የነበሩት እናትሽ ነበሩ፤ እሱ ያንን ቦታ ባለመሙላቱ እየተቀጣ ይመስለኛል።

ወራቱን አብረን እናስላ። እናትሽ ሲያርፉ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበርሽ ማለት ነው። በአገራችን ነፍሰ ጡር ሐዘንተኛ ምን እንደምትባል አውቃለሁ፤ «ለያዝሽው ስትይ» ተብላ እጇ ይያዛል፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንዳታለቅስ ትከለከላለች። አንቺም በሁለተኛው ገጽ ጠርዝ ላይ «ቀብሩ ላይ አላደረሱኝም» ብለሽ ጽፈሽ ሰርዘሽዋል፤ ከስርዙ ሥር ይነበባል። ሁለት ወር እንዳለፈ ደግሞ ያው ለቅሶ ደራሽ የተቀመጠበት ቤት በእልልታ ተሞላ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊልሽ ለመጣው ሰው ስለ እናትሽ ማልቀስ የደስታን ቤት ማደፍረስ መስሎ ሳይታይሽ አልቀረም። ገንፎውን ያገነፋችልሽ ጎረቤትሽ ነበረች። አንዲት ሴት እናቷን ከምንጊዜውም አብልጣ የምትሻው እሷ ራሷ እናት በሆነችበት ሰሞን ነው፤ ሕፃን እንዴት እንደሚታጠብና እንደሚታዘል ለመማር ብቻ ሳይሆን፣ እሷም አንድ ቀን እንዲያ በሰው እጅ ላይ እንደነበረች የሚነግራት ሰው ስለምትፈልግ ነው። አንቺ ይህን ሁሉ ያለ እናትሽ፣ ያላለቀሽውንም ለቅሶ እንደያዝሽ አለፍሽው። የእናትሽ መንፈቅ የሚውለው መስከረም አጋማሽ ላይ ነው። ጭቅጭቁ የጀመረውስ መቼ ነው ያልሽው? ከመስቀል ማግሥት።

ስለዚህ ሙጃው ለምን እንዲያ እንዳስቸኮለሽ ይገባኛል። እናትሽ ቢኖሩ ያ ጓሮ ገና ሐምሌ ላይ ታርሞ፣ ጎመኑም ጤና አዳሙም በየመደቡ ይታይ ነበር። አረሙ በበቀለ ቁጥር የእሳቸው እጅ አለመኖሩን ይመሰክራል፤ አንቺም ምስክሩን ለመንቀል ልጅ አዝለሽ ገባሽ። የልጅቷን እግር ነገር በአንድ መስመር ስላለፍሽው እኔ ልመለስበት እገደዳለሁ። ዓይንሽ እናትሽ ጎንበስ ብለው በኖሩበት መሬት ላይ ስለነበር፣ በጎንሽ የተንጠለጠለችውን ትንሽ እግር አላየሽም። ክፉ እናት ስለሆንሽ አይደለም። ሐዘን ዓይንን እንዲህ አድርጎ ይወስዳል።

እንቅልፍሽ ሕፃኗ ተኝታም አልመጣ ካለ፣ ለእሷ ያለሽ ስሜት ደንዝዞብሽ ከሆነ ወይም ተስፋ መቁረጡ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ በጽሑፍ ምክር የሚፈታ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በታዳጊ አገሮች ከሚወልዱ እናቶች 19.8 በመቶ ያህሉ ከወሊድ በኋላ የአእምሮ ጤና ችግር፣ በተለይም ድብርት፣ እንደሚገጥማቸው ይገልጻል፤ ብቻሽን አይደለሽም፣ ሕክምናም አለው። ልጅሽን በ9ኛ ወሯ ለኩፍኝ ክትባት እስክትወስጃት ድረስ አትጠብቂ፤ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ሂጂና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጠይቂ፤ ከዚያ ካላገኘሽና መንገዱ ከተመቸ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር መሄድ ይቻላል። ራስሽን ወይም ልጅሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን አንድ ቀን አትደሪ፤ ለባለቤትሽ ነግረሽው ዛሬውኑ አብራችሁ ሂዱ።

ለቤታችሁ የምለው ጥቂት ነው፤ አንቺም ከሁኔታሽ ጋር አመዛዝኚው። ዝምታውን ስትሰብሪ ምናልባት ከጌሾው ሳይሆን «እናቴ ናፈቀችኝ» ከሚለው ብትጀምሪ ይሻላል፤ በመጀመሪያው ቀን ላይሳካ ይችላል። ከጓሮው አንድ መደብ ብቻ ምረጪ፤ እሱ ልጅቷን ይታቀፍ፣ አንቺ እያረምሽ የትኛውን ተክል እናትሽ መቼ እንደተከሉት ንገሪው። እናትሽን የሚያውቁ አክስት ወይም ጎረቤት ካሉ፣ አንድ ከሰዓት ሕፃኗን ለእሱ ትተሽ አብረሻቸው አልቅሺ። ሙት ዓመቱ መጋቢት ነው፤ እስከዚያ ጊዜ አለሽ፣ ሁሉም በዚህ ወር ካልተስተካከለ አትበይ።

ጌሾውን በተመለከተ፣ ሠራተኛው በገጀራ ቆረጠው እንጂ ከሥሩ ነቀለው አላልሽም። ጌሾ ተቆርጦ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ባለቤትሽ ይህን ላያውቅ ስለሚችል፣ ጉቶውን ቆፍሮ እንዳያወጣው ዛሬ ማታ ንገሪው።