ለጠፍጣፋ ፔዳል የሚሆን ጫማ፦ ድጋፉ ከየት ይመጣል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ ሲሆን ዕድሜዬ 43 ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ እሑድ እሑድ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ወደ ጎልደን ኮረብታዎች እየወጣሁ የተራራ ብስክሌት እነዳለሁ። ብስክሌቱ ያገለገለ ቢሆንም ደህና ነው፤ ፔዳሎቹ ጠፍጣፋና ጥቃቅን ብሎኖች የተተከሉባቸው ናቸው። የምጫማው ግን ለሩጫ የገዛሁትን፣ ሶሉ ወፍራምና ለስላሳ የሆነ ጫማ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ውስጠ እግሬን ያቃጥለኛል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ እግሬ ከፔዳሉ እየተነሣ ሁለት ጊዜ ቅልጥሜን ልጦኛል። እግሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ጠፍጣፋ ነው። አንድ ሻጭ «ከፔዳሉ ጋር በብረት የሚቆለፍ ጫማ ግዛ» አለኝ፤ ሌላው ወፍራም የውስጥ ንጣፍ ሸጠልኝ፣ እሱም አልረዳኝም። መቆለፉን እፈራለሁ። ለመሆኑ ደጋፊ የሚባለው ጫማ ለስላሳው ነው ወይስ ጠንካራው?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአጭሩ ልመልስልዎና ምክንያቱን ላስከትል፦ ሶሉ ከመሐል የማይታጠፍ፣ ከሥር ፔዳሉን የሚነካው ጎማ ግን ለስላሳ የሆነ ጫማ ይፈልጉ። ሁለቱ የሚቃረኑ ስለሚመስሉ ነው ብዙ ሰው ሱቅ ውስጥ የሚምታታበት።

የሩጫ ጫማ የተሠራው ለሌላ ሥራ ነው። ሯጭ በየእርምጃው መሬትን ስለሚመታ፣ ሶሉ ምቱን እንዲውጥለትና ከጣቶቹ ሥር በቀላሉ እንዲታጠፍለት ይፈልጋል። ብስክሌተኛ ግን የሚቆመው ርዝመቷም ስፋቷም 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነች መርገጫ ላይ ነው፤ ተረከዙ ከኋላ፣ ጣቶቹ ከፊት አየር ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ ሶሉ በመሐሉ ብቻ እንደ ተደገፈ ሳንቃ ሳይጎብጥ ክብደቱን መሸከም ይኖርበታል። ስፖንጅ የበዛበት ሶል ይህን ስለማይችል ፔዳሉ ላይ ይጎብጥና ሥራውን ለእግር ጥቃቅን ጡንቻዎች፣ እንዲሁም ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር ለተዘረጋው ጅማት መሰል ሽፋን ይተወዋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚሰማዎት ቃጠሎ የእነዚሁ ድካም ሳይሆን አይቀርም። የገዙት ንጣፍ ያልረዳዎትም ለዚህ ይመስለኛል፤ በለስላሳ ላይ ለስላሳ ደረቡበት እንጂ ሶሉን አላጠነከሩትም።

ጎማው የራሱ ታሪክ አለው። ፋይቭ ቴን የተባለው የካሊፎርኒያ ጫማ ሠሪ በ1985 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ደንበኞቹ አለት የሚወጡ ሰዎች ነበሩ፤ ስቴልዝ ብሎ የሰየመው ጎማ አለቱን ሙጥኝ ብሎ እንዲይዝ የተሠራ ነው። የቁልቁለት ብስክሌተኞች ያንኑ ጎማ ፔዳል ላይ ሞክረው ወደዱት፤ ኩባንያውንም አዲዳስ በ2011 እ.ኤ.አ. ገዛው። ዛሬ ሺማኖ፣ ስፔሻላይዝድ፣ ራይድ ኮንሴፕትስና ሌሎችም ለጠፍጣፋ ፔዳል የታሰቡ ጫማዎች ስለሚሠሩ በአንድ ስም ብቻ መወሰን አይጠበቅብዎትም። ስሙን ትተው ጫማውን በእጅዎ ይፈትኑት።

አንድ እጅዎን ተረከዙ ላይ፣ ሌላውን ጫፉ ላይ አድርገው ለማጠፍ ይሞክሩ። ከጣቶቹ መነሻ ላይ እየታገለዎት ቢታጠፍ ጥሩ ነው፤ ከመሐሉ እንደ እንጀራ የሚጠቀለል ከሆነ ግን መልሰው መደርደሪያው ላይ ያስቀምጡት። ከዚያ እንደ ታጠበ ልብስ ይጠምዝዙት፤ በቀላሉ የሚጠመዘዝ ሶል ጠጠራማ ቁልቁለት ላይ ቁርጭምጭሚትዎን ያደክመዋል። ቀጥሎም አውራ ጣትዎን ከሥር፣ ፔዳሉ በሚያርፍበት ቦታ ላይ አሳርፈው በኃይል ይግፉ፤ ሌላውን እጅዎን ጫማው ውስጥ ከትተው ግፊቱ ጎልቶ ከተሰማዎት የመሐሉ ሶል ስስ ነው። በመጨረሻ ጎማውን በጥፍርዎ ይጫኑት። ጥፍርዎ ጥቂት ሰርጎ የሚገባ ከሆነ የፔዳሉ ብሎንም ይሰርግበታል፤ ጥፍርዎ ተንሸራቶ ካለፈ ብሎኑም እንዲሁ ያልፋል። እኔ ለሁለት ዓመት ያህል የነዳሁበትን አንድ ጫማ ገልብጬ ስመለከተው፣ የብሎኖቹ ጉድጓዶች ልክ እንደ ወንፊት በአንድ ቦታ ላይ ተሰብስበው አገኘኋቸው፤ እግሬ በየጊዜው እዚያው ቦታ ላይ ማረፉንና አለመንሸራተቱን ከዚህ በላይ የሚመሰክር ነገር አላውቅም።

የጎማውን ቅርጽም ይመልከቱ። ለተራራ መንገድ ሩጫ የተሠሩ ጫማዎች ሶላቸው ጥልቅ ጥርስ ስላለው ለፔዳል የሚመቹ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ብሎኑ በጥርሶቹ መካከል ሲገባ እግርዎን ባልፈለጉት አቅጣጫ ያቆመዋል፣ ጥርሱ ጫፍ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ይንሸራተታል። መሐሉ ጠፍጣፋ፣ ጥልቀት የሌላቸው ነጠብጣቦች ወይም ባለ ስድስት ጎን ቅርጾች የተቀረጹበት ሶል ይሻላል። ብስክሌቱን ገፍተው የሚወጡበት አቀበት ስለማይጠፋ፣ ጫፉና ተረከዙ ላይ ብቻ ጠለቅ ያለ ጥርስ ቢኖረው አይጠላም።

ጥንካሬው እስከ ምን ድረስ ይሁን? ፍጹም የማይታጠፍ ሶል ፔዳሉን እንዳይሰማዎት ያደርጋል፣ ሲራመዱበትም ያስቸግራል። ቀላል ሰውነት ያለውና አጫጭር መንገድ የሚነዳ ሰው መካከለኛው ይበቃዋል። እርስዎ ግን ረጅም ቁልቁለት ቆመው የሚወርዱና ጠፍጣፋ እግር ያለዎት በመሆኑ ከመካከለኛው ወደ ጠንካራው የሚያደላውን ቢመርጡ እመክራለሁ።

ስለ ጠፍጣፋ እግርዎ አንድ ነገር ልጨምር። አዲሱን ጫማ ሲሞክሩ ከፋብሪካው የመጣውን ንጣፍ አውጥተው የእርስዎን ያስገቡ እንጂ አይደርቡ፤ የተደረበ ንጣፍ ተረከዝዎን ከጫማው የኋላ ማቀፊያ ያወጣዋል፣ ጣቶችዎንም ከላይ ያጣብባል። ንጣፉ ሲጫኑት የማይሰምጥ፣ ከውስጥ በኩል በልኩ ከፍ ያለ ይሁን። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጠዋት ከአልጋ ወርደው በሚራመዷቸው የመጀመሪያ እርምጃዎች ተረከዝዎን የሚወጋዎት ከሆነ ግን ጉዳዩ ከጫማ ሻጭ እጅ ወጥቷልና ሐኪም ያማክሩ።

ልኩን የሚሞክሩት ከሰዓት በኋላ፣ እግር ጥቂት በሚያብጥበት ሰዓት፣ ሲነዱ በሚያደርጉት ካልሲ ይሁን። ከረጅሙ ጣትዎ ፊት የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ይኑር፣ ተረከዝዎም ደረጃ ሲወጡ አይነሣ። ክሩን ካሰሩ በኋላ የተረፈውን ጫፍ ወደ ውስጥ መክተትን አይዘንጉ፤ የቀኙ በሰንሰለቱ የተያዘ ዕለት ትርጉሙ ይገባዎታል።

አሁን ገንዘብ ወደማያስወጣው ነገር እንምጣ። በሚቆለፍ ጫማ የሚነዱ ሰዎች ከጣቶች ሥር ያለውን ጉብታ ከፔዳሉ ዘንግ በላይ ያሳርፉታል። በጠፍጣፋ ፔዳል ላይ ግን እግርዎን ጥቂት ወደ ፊት ገፋ አድርገው ዘንጉ ከዚያ ጉብታ በስተኋላ እንዲውል ቢያደርጉ፣ ክብደቱ ወደ መሐል እግር ስለሚመጣ ባትዎም ውስጠ እግርዎም ያርፋሉ። ሲወርዱ ደግሞ ተረከዝዎን ዝቅ ያድርጉ፤ ድንጋይ ሲያነጥርዎ ጫማዎን ፔዳሉ ላይ የሚያቆየው ይህ ነው። ጫማ ሳይገዙ በመጪው እሑድ ሊሞክሩት ይችላሉ፤ ምናልባት የሕመምዎ እኩሌታ በዚህ ብቻ ይቀልልዎት ይሆናል። ፔዳሎቹንም ያገላብጡ፤ ብስክሌቱ ያገለገለ ነው ብለዋልና ብሎኖቹ ዶልዱመው ወይም ረግፈው ከሆነ ምርጡም ጫማ አያድንዎትም። ብሎኖቹ ለብቻቸው ይሸጣሉ።

ስለ መቆለፉ የነገሩዎት ሻጭ ስሕተት አልተናገረም፤ ነገር ግን ግዴታ አይደለም። አውስትራሊያዊው ሳም ሂል በ2006፣ በ2007 እና በ2010 እ.ኤ.አ. የዓለም የቁልቁለት ሻምፒዮን የሆነው፣ ከ2017 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሦስት ዓመት በተከታታይ የኢንዱሮን (ሰዓት የሚያዘው በቁልቁለቶቹ ላይ የሆነ የተራራ ብስክሌት ውድድር) የዓለም ውድድር በአጠቃላይ ውጤት ያሸነፈው በጠፍጣፋ ፔዳል ነው።

ጥያቄ፦ ሽሮ ሜዳ ነው የምኖረው፤ ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ላይ ብስክሌት እነዳለሁ። እርስዎ የሚጠቅሷቸውን ዓይነት ጫማዎች እዚህ ማግኘት አልቻልኩም፤ ቢገኙም አቅሜ አይፈቅድም። መርካቶ ከልባሽ ጫማ ውስጥ ምን ልፈልግ? ጎረቤቴ ያለ ጫማ ሰፊ «በጎማ ሶል እቀይርልሻለሁ» ብሎኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ሶሉ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ለስኬት ቦርድ የተሠራ ጫማ ይፈልጉ። ሥሩ እንደ ዋፍል የተከፋፈለው ዓይነት ብሎን በደንብ ይይዛል። ጉድለቱ ሶሉ ቶሎ መታጠፉና ጫፉ ስስ ሸራ መሆኑ ነው፤ የመጀመሪያውን ጠንከር ያለ ንጣፍ በማስገባት በከፊል ማረም ይቻላል፣ ለሁለተኛው ግን ድንጋይ ከመምታት መጠንቀቅ እንጂ መላ የለውም። ልባሽ ጫማ ሲመርጡ ሶሉ ከአካሉ ጋር የተጣበቀበትን መስመር በጣትዎ ከፈት ለማድረግ ይሞክሩ፤ ለዓመታት በመጋዘን የቆየ ጫማ አዲስ እየመሰለ ማስቲሹ የሞተ ሊሆን ይችላል። ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን የተራራ ቡትስ ለዝናብ ወራት ያጓጓል፤ ሆኖም ሶሉ ደረቅና ጥርሳም ስለሆነ ፔዳል ላይ ያንሸራትታል። ታኬታ ጫማማ ጨርሶ አይታሰብም።

የጎረቤትዎን ሐሳብ በተመለከተ፣ ሶሉን በመኪና ጎማ ከማስቀየርዎ በፊት ያስቡበት። በረባሶ ዓመታት የሚቆየው ጎማው ደረቅ ስለሆነ ነው፤ እርስዎ የሚፈልጉት ደግሞ ብሎን የሚሰርግበትን፣ በዚያው ልክ ቶሎ የሚያልቀውን ነው። ጫማ ሰፊው ሙያውን የሚያሳይበት ሌላ ሥራ አለ፦ ገና አዲስ ሳለ የሶሉን ዙሪያ በክር እንዲሰፋልዎ ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ ጫማዬ በጭቃና በዝናብ ይበሰብሳል። በአንድ ቀን ውስጥ እንዴት ላድርቀው?

መልስ፦ በአንድ ቀን አይደርቅም፤ ለማድረቅ መቸኮሉም ነው የሚጎዳው። ጭቃውን በቀዝቃዛ ውኃና በብሩሽ ያስለቅቁ፣ ንጣፉን አውጥተው ለብቻው ያስጡ፣ ውስጡን በጋዜጣ ይሙሉና ጋዜጣው በራሰ ቁጥር ይለውጡት፤ ከዚያም ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ያቁሙት። እኔ አንድ የነሐሴ ማታ ለነገ ይድረስልኝ ብዬ የከሰል ምድጃ አጠገብ አስቀምጬው ነበር። ጠዋት ላይ ደርቆ አገኘሁትና ደስ አለኝ፤ የመጀመሪያው አቀበት አጋማሽ ላይ ግን የግራው ሶል ከነብሎኑ ጉድጓድ ከጣቶቼ ጀምሮ እስከ መሐሉ ተላቀቀና ፔዳሉ ላይ እንደ ምላስ ተንጠለጠለ። የቀረውን መንገድ የጫማውን ክር ፈትቼ ሶሉን እየጠፈርኩ፣ ብስክሌቱን እየገፋሁ ወረድኩ።