ከዴንቨር ለጠየቅከው ወንድም፦ ከመፈረምህ በፊት የቤልቱን ነገር ጠይቅ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት። ለፈረንጅ ገና ከዴንቨር ላስ ቬጋስ ትመጣላችሁ፤ አንተ፣ ባለቤትህ፣ ወንድምህና ሁለት ልጆች። በረሃ ውስጥ አሸዋ ላይ የሚነዳውን፣ ጎን ለጎን የሚቀመጡበትን ትንሽ ክፍት መኪና፣ ሳይድ ባይ ሳይድ የሚሉትን ተከራይታችሁ አንድ ቀን መዋል አስባችኋል። «የት እንሂድ? ስንት ይፈጃል? የሞከረ ይንገረን» ብለሃል። እስካሁን የመለሱልህ ሰዎች «በጣም ደስ ይላል፣ ሂዱ» ብለው አልፈዋል። ደስ ማለቱ እውነት ነው። እኔ ግን የመጀመሪያ ቀኔን 1,650 ዶላር ከፍዬበታለሁ። አንተ እንዳትከፍል ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

ቬጋስ 14 ዓመቴ ነው። ታክሲ እነዳለሁ። እኔም እንዳንተው ቤተሰብ ይዤ ነው የሄድኩት። ዛሬ የራሴ ማሽን አለኝ፤ ሁለተኛ እጅ ቢሆንም ንጹህ ነው። ክረምት ከክረምት፣ ማለትም በፈረንጁ የብርድ ወቅት፣ አሸዋው ላይ ነኝ።

1. ቦታ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ኔሊስ ዱንስ ሂዱ። ከከተማው በሰሜን ምሥራቅ፣ በአይ 15 መንገድ፣ የመኪና ውድድር ሜዳውን አልፎ ነው። 10,000 ኤከር አካባቢ የሚሆን የፌደራል መሬት ነው። ቢ ኤል ኤም የሚባለው የመሬት አስተዳደር ነው የሚይዘው። መግቢያ አይከፈልም። «መግቢያን ጨምሮ» ብሎ ዋጋ የሚነግርህ አከራይ ካጋጠመህ ለምን እንደሆነ ጠይቀው። ከአሸዋው ክምር ሌላ ድንጋያማ መንገድና ደረቅ የጎርፍ መውረጃ አለው። ስልክ ይሠራል። አንድ ነገር ቢፈጠር ከተማው ቅርብ ነው። ለልጆች ከዚህ የተሻለ የለም።

ስለ ዱሞንት ዱንስ የሚነግርህ ሰው አይጠፋም። እሱ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው፤ ከቤከር ከተማ በ127 መንገድ ወደ ሰሜን። እኔ አሁን ነፍሴ ነው ቦታው። ክምሮቹ ተራራ ናቸው። ለመጀመሪያ ቀን ግን አይሆንም። ውኃ የለም፣ ነዳጅ የለም፣ ስልክ ላይ መተማመን አይቻልም። የሚከፈል ፈቃድ አለው፤ በበዓል ሰሞን ደግሞ ዋጋው ከፍ ይላል። ማሽኑ ላይ ከመሬት ስምንት ጫማ ከፍ የሚል ዘንግ ከነባንዲራው መቆም አለበት። ባንዲራው ለጌጥ አይደለም። ከክምሩ ወዲያ ማዶ የሚመጣው ሰው አንተን ከማየቱ በፊት የሚያየው እሱን ነው። ብዙ አከራዮች ደግሞ ማሽናቸው ከስቴቱ እንዲወጣ አይፈቅዱም። ስለዚህ ለዘንድሮ ዱሞንትን እርሳው።

2. ሰዓት። በታኅሣሥ መምጣታችሁ ጥሩ ነው። በበጋ፣ በሙቀቱ ወራት፣ ብትመጡ ኖሮ አትሞክሩት እላችሁ ነበር። በፈረንጅ 2024 ሐምሌ ላይ ቬጋስ 120 ፋራናይት ገብቷል። በክረምት ግን ቀኑ ደስ ይላል፣ ማታው ይቀዘቅዛል። ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ላይ ትጠልቃለች። ሲጨልም ድንገት ነው የሚጨልመው።

ጠዋት ውሰዱት። አከራዩ «ከቀትር በኋላ ያለው ርካሽ ነው» ይልሃል። ቀትር ላይ ፀሐይ ከላይ ስትሆን አሸዋው ጥላ የለውም። ሁሉም አንድ ዓይነት ቡኒ ሆኖ ይታያል። ከፊትህ ጉድጓድ ይኑር ሜዳ ይሁን መለየት አትችልም። ጠዋት ግን ጥላው ይረዝምና እያንዳንዷን እጥፋት ታያለህ። እኔ ቀትር ላይ ነው የወሰድኩት። 60 ዶላር ለመቆጠብ ብዬ።

3. ኪራዩ። እዚህ ላይ ጆሮህን ስጠኝ።

ለባለ አራት ሰው ማሽን ለግማሽ ቀን 420 ዶላር ከፈልኩ። በዚያ ላይ 2,000 ዶላር ማስያዣ ያዙብኝ። የሰጠኋቸው ዴቢት ካርድ ነበር። ይህ አንዱ ስህተት ነው። ክሬዲት ካርድ ላይ ሲያዝ የሚያዘው የባንኩ ብር ነው። ዴቢት ላይ ሲያዝ የሚያዘው የቤት ኪራይህ ነው። የእኔም የቤት ኪራይ ነበር የተያዘው፤ ወሩ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው።

ወረቀቱ ስድስት ገጽ ነው። ልጆቹ ሄልሜት አድርገው ይዘላሉ፣ የባለቤቴ ወንድም ቁልፉን ይዞ ቆሟል፣ የኪራይ ቤቱ ሠራተኛ የሆነው ልጅ በጣቱ መፈረሚያውን እያሳየ «እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህ» ይላል። ፈረምኩ። ተጨማሪ መድን ልግዛ ወይ ስለው «ግዛ፣ ሁሉን ይሸፍናል» አለኝ። 49 ዶላር ጨመርኩ። በአፉ ያለኝ እንጂ በወረቀቱ የተጻፈው ሌላ ነበር።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። እነዚህ ማሽኖች አብዛኞቹ እንደ ድሮ መኪና በጥርስ ማርሽ ኃይል አያስተላልፉም። ሞተሩና ጎማው መሃል አንድ ሰፊ የላስቲክ ቀበቶ አለ። ቤልት ነው የሚሉት። በሁለት ፑሊ መሃል ይሽከረከራል። ፑሊዎቹ ሲጠቡና ሲሰፉ ፍጥነቱ ይቀየራል። ሜዳ ላይ እስከነዳህ ድረስ ችግር የለውም። ጎማው አሸዋ ውስጥ ሰምጦ አንተ ነዳጅ ስትረግጥ ግን ቀበቶው መያዝ ያቅተዋል፤ ይንሸራተታል። ሲንሸራተት ይግላል፣ ሲግል ይቃጠላል። ለዚህ ነው ማርሹ ላይ ኤች እና ኤል የተጻፈው። ኤች ለፍጥነት ነው፤ ኤል ዝግ ብሎ በጉልበት የሚሄድበት ነው። ለስላሳ አሸዋ፣ ዳገትና ከጉድጓድ መውጣት ሁሉ በኤል ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም። ከኪራይ ቤቱ ስወጣ ኤች ላይ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ኤች ላይ ነዳሁት።

የመጀመሪያው ሰዓት ሠርግ ነበር። ልጆቹ ይጮሃሉ፣ ባለቤቴ ትስቃለች። ከዚያ በሁለት ክምር መሃል እንደ ጎድጓዳ ሳህን ያለ ቦታ ወረድኩ። ታችኛው አሸዋ ዱቄት ነው። ለመውጣት ስሞክር የኋላ ጎማዎቹ መቆፈር ጀመሩ። ነዳጅ ረገጥኩ። ጨመርኩ። የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ሽታው ከውጭ የመጣ መስሎኝ አሁንም ጨመርኩ። ከመቀመጫዬ ጀርባ እንደ ጅራፍ ጧ አለ። ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው አይንቀሳቀስም። በቃ።

ለአከራዩ ደወልኩ። ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ውኃ የነበረን አራት ጠርሙስ ነው። ትንሹ ልጄ «አባ፣ እዚሁ ነው የምናድረው?» ብሎ ሲጠይቀኝ የተሰማኝን አልረሳውም።

ስንመለስ ሒሳቡ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ለቤልት 250፣ ለመጎተቻ 600፣ «ማሽኑ ቆሞ ለሚውልባቸው ሁለት ቀናት» 800። ድምሩ 1,650። «መድኑስ?» አልኩት። ልጁ ቀና ብሎ አላየኝም፤ ስልኩን እየነካካ ገጽ አራትን ገልጦ በጣቱ ጠቆመኝ። መድኑ ቤልት፣ ጎማና መጎተቻ አይጨምርም ይላል። «የተቃጠለውን ቤልት አሳየኝ፣ አሮጌ ሊሆን ይችላል» አልኩት። «ተጥሏል» አለኝ። በ20 ደቂቃ ውስጥ! ኃላፊውን ጥራልኝ ስለው «ኃላፊው ከእኔ የተለየ ነገር አይነግርህም» አለ። ልጆቼ ፊት ነው ይህን ያለኝ። ከገንዘቡ ይልቅ ያ አነጋገር ነው ዛሬም የሚያንገበግበኝ። 14 ዓመት ሙሉ ሰው አክብሬ በምሠራበት ከተማ እንደ ሌባ ነው ያስተናገደኝ።

ለባንኩ አመለከትኩ፤ ስለፈረምኩ አልሆነም። ከማስያዣው የቀረው 350 በዘጠነኛው ቀን ተመለሰልኝ። የቤት ኪራዩን ከጓደኛ ተበድሬ ከፈልኩ።

ስለዚህ አንተ ከመፈረምህ በፊት እነዚህን ጠይቅ። ቤልት ቢበጠስ ማን ይከፍላል? መጎተቻ ስንት ነው? ማሽኑ ቢቆም የቀን ሒሳብ ታስከፍላላችሁ ወይ? ቤልቱ መቼ ነው የተቀየረው? መልሱን ወረቀቱ ላይ አሳየኝ በለው። ካላሳየህ ውጣ፤ ቬጋስ አከራይ ሞልቷል። ከዚያ ስልክህን አውጥተህ ማሽኑን ዙሪያውን ቅረጽ። ከሥር፣ ከጎማዎቹ ውስጠኛ ጎን፣ የሰዓት መቁጠሪያውንና የነዳጁን መጠን ጭምር። ሠራተኛውም አጠገብህ ቆሞ በቪዲዮው ውስጥ ይታይ። አስተማሪው ቀድሞ እየነዳ የሚመራበት ጉዞ ካላቸው ደግሞ እሱን ውሰድ። ለጀማሪ ቤተሰብ የተሻለ ነው፤ ከተቀረቀርክም አስተማሪው ያወጣሃል።

4. ጎማ። ይህንን ያስተማረኝ አባቴ ነው።

አባቴ ኮምቦልቻ ነው ያለው። በጉልበቱ ዘመን የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር፤ ተሳቢ ይዞ በሚሌ በኩል አፋርን አቋርጦ የሚመላለስ። ያን ቀን ማታ ደውዬ የሆነውን ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ጎማውን አስተንፍሰኸው ነበር?» አላስተነፈስኩም አልኩት። «እኛ እኮ ነፋስ አሸዋ መንገዱ ላይ ሲያለብስብን መጀመሪያ የምናደርገው እሱን ነው። ጎማው ሲለሰልስ መሬቱን ይረግጣል። ከጠነከረ ይቆፍራል።» ከዚያ ደግሞ፦ «ከሰመጠ ነዳጅ አትጨምር። ውረድ። በእጅህ ጥረግ። በመጣህበት ዱካ ወደ ኋላ ውጣ።» በልጅነቴ ስንት ጊዜ ሲያወራው ሰምቼዋለሁ! ያ ሁሉ የሚያስፈልገኝ ኔቫዳ ውስጥ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም እንጂ።

በራሴ ማሽን አሁን አሸዋ ከመግባቴ በፊት የጎማውን ነፋስ ወደ 10 ፒኤስአይ አወርዳለሁ። የምጎትትበትን ፒካፕ ወደ 18። ስወጣ በትንሽ ኮምፕረሰር እሞላለሁ። የኪራይ ማሽን ላይ ግን ሳትጠይቅ አትንካ፤ «እናንተ ስንት ላይ ነው የምታደርጉት?» በል። የሚያውቅ አከራይ ቁጥሩን ወዲያው ይነግርሃል።

5. ክምሩን በጭራሽ በፍጥነት ተሻግረህ አትውረድ። ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ያለው ጎን ገር ዳገት ነው፣ አሸዋውም ጠንከር ያለ። ማዶው ገደል ነው፤ አሸዋ ከዚያ በላይ ሊቆም እስከማይችልበት ድረስ የቆመ፣ እስከ 34 ዲግሪ። ከታች ስታየው ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። ጫፉ ስትደርስ መሪውን ወደ ጎን አዙረህ ከጫፉ ጋር ጎን ለጎን ቁም፣ እይ፣ ከዚያ ወስን። ትናንት ያለፍክበትም ቢሆን እይ። ነፋስ ካደረ ጫፉ ሌላ ነው። ስትወርድ ቀጥ ብለህ ውረድ። በሰያፍ ከወረድክ ይገለበጣል።

ልጆቹ። ዕድሜያቸውን አልጻፍክም። አንድ መለኪያ አለ፦ ጀርባቸው ወንበሩን ተደግፎ እግራቸው ወለሉን ሙሉ ይረግጣል ወይ? እጃቸው መያዣውን ይደርሳል ወይ? ካልደረሰ አይሳፈሩም። የእኔ ትንሹ ሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ አልደረሰም ነበር። አለቀሰ። እናቱ ጋር ቀርቶ አሸዋ ላይ በካርቶን ሲንሸራተት ዋለ። ደግሞ ደጋግመህ ንገራቸው፣ ማሽኑ ቢያጋድል እጅ ወደ ውጭ አይዘረጋም። ሰው በደመ ነፍስ መሬቱን ሊደገፍ ይዘረጋል። እጅ የሚቀጠቀጠው እዚያ ላይ ነው።

ውኃ በሰው አራት ሊትር ያዙ፤ ክረምት ነው ብላችሁ አትቀንሱ። እኛ በሶ በጥብጠን በጠርሙስ፣ ቆሎ ደግሞ በከረጢት ነው የምንይዘው። ሳንዱች አሸዋ ይገባበታል። ዔሊ ካያችሁ አትንኩ። በክረምት ጉድጓዷ ውስጥ ስለምትተኛ ላታዩዋት ትችላላችሁ። ዔሊዋ ሰው ሲያነሳት ደንግጣ የያዘችውን ውኃ ትለቃለች፤ በረሃ ላይ ያንን የምትተካበት የላትም። ሕግም ይከለክላል።

ዋጋን በተመለከተ፣ እኔ የከፈልኩት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። አሁን ከ420 በላይ እንደሚሆን ገምት። የበዓል ሰሞን ስለሆነ ከአሁኑ ያዝ።

የእኔ ማሽን ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚይዘው፤ ለአምስታችሁ አይበቃም። ግን በዚያ ሳምንት ማክሰኞና ረቡዕ አልሠራም። ኔሊስ ከመጣችሁ እኔም ይዤ እመጣለሁ። ቤልት ከወንበሬ ሥር አለኝ፤ አሁን በ25 ደቂቃ እቀይራለሁ። መጎተቻ ገመድና የጎማ መለኪያም አለኝ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ኮንትራቱንም ከመፈረምህ በፊት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ገጽ አራትን አብረን እናነበዋለን።