ግግ፣ መፋቂያና የላይ ጥርስ፤ ገጠር ለተመደብሽው እህታችን

ሰላም እህቴ። «ገጠር ጤና ጣቢያ ተመደብኩ፤ ሰዉ ለጥርሱ ግድ የለውም፣ ሕፃናቱንም ተቅማጥ ያመጣል የሚለውን ግግ ከድዳቸው ያስወጣል፣ ምን ብዬ ላስተምር?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ በጥርስ ሕክምና ሙያ ጎጃም ገጠር ወረዳዎች ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ «ግድ የለውም» የሚለውን እንተወው። የገበያ ቀን መንገድ ዳር ቁመሽ እዪ። ገበሬው መፋቂያውን አፉ ውስጥ አድርጎ እየፋቀ ነው የሚሄደው፤ ወይራ፣ ክትክታ፣ ልምጭ፣ ያገኘውን። ሴቶቹ ድዳቸውን የሚወቀሩት ጥርሳቸው ነጥቶ እንዲታይ ነው። ፍንጭት ያላት ልጅማ ስንቱ ያወራላታል! እንዲህ ያለ ሰው ጥርሱን ንቋል አይባልም። ሕክምና ሲባል ግን ትዝ የሚለው ጉጠት ብቻ ነው። እውነቱን እንነጋገር ካልን እኛም ያቀረብንለት ጉጠት ብቻ ነው፤ ጥርስ የሚሞላለት ያለው ብዙ ጊዜ ከተማ ነው። ስለዚህ «መነቀሉ ካልቀረ እስቲ ልቻለው» ይላል። ፊቱ ሲያብጥ ይመጣል።

እስከዚያ ቅርንፉድ ይይዝበታል፣ በአረቄ ይጉመጠመጣል፣ የእምቧይ ሥር ያኝካል። ቅርንፉድ በእርግጥም ያደነዝዛል፣ በእሱ አትጣዪ። የምትጣዪው በአስተናግር ጢስ ነው፤ አጤ ፋሪስ የሚሉትም አሉ። ፍሬውን ፍም ላይ ያደርጉና ታማሚው ጋቢ ተከናንቦ፣ አፉን ከፍቶ ጢሱን ይስባል፤ ትሉ ይወጣል ተብሎ። አስተናግር መርዝ ነው። አፍ ያደርቃል፣ ዓይን ያደበዝዛል፣ ሲበዛ ሰውን ያስቃዣል። ልጅ ላይ ሲሆን ደግሞ በጣም ያስፈራል።

«የላይ ጥርስ ከተነቀለ ዓይን ይጠፋል» የሚል ነገርም ትሰሚያለሽ። አትሳቂ። የላይ ክራንቻ መግል ሲይዝ እብጠቱ ወደ ዓይን ይወጣል። ሰውየው ዓይኑ ሊከደን ሲል መጥቶ ይነቀላል፣ እብጠቱ ትንሽ ይቆያል፣ ጎረቤት ያያል። ጥፋቱ የነቃዩ ይሆናል። እኔ «እብጠቱ የመጣው ከመነቀሉ በፊት ነበር በኋላ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ ራሳቸው ይመልሱታል።

አሁን ወደ ግግ። ሕፃኑ አምስት ስድስት ወር ሲሞላው ያስቀምጠዋል፣ ይተኩሰዋል፣ ጡት እምቢ ይላል። አያት ጣቷን አስገብታ ድዱን ትዳስሳለች። ክራንቻ የሚወጣበት ቦታ ላይ ነጣ ያለ እብጠት ታገኛለች። አለቀ! አውጪው ይጠራል፤ በምላጭ ወይ በሾለ ሽቦ ይሰነጥቅና ለስለስ ያለች ነጭ ነገር ጎልጉሎ ለእናትየው ያሳያታል። እውነትም ትል ትመስላለች። ከቀናት በኋላ ተቅማጡ ይቆማል። አብዛኛው ተቅማጥ በራሱም ይቆም ነበር፣ እሷ ግን ያየችውን አይታለች። ይህንን በፖስተር አታሸንፊውም።

የወጣችው ነጭ ነገር ያልጠነከረች የወተት ክራንቻ ናት። ባትነካ ከ16 እስከ 20 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ራሷ ትወጣ ነበር። ተቅማጡ የሚመጣው ልጁ ምግብ ስለጀመረ፣ መዳህ ስለጀመረና ያገኘውን ሁሉ አፉ ስለሚከት ነው።

እኔ ዘንድ የሠራው ዘዴ ቀላል ነው። ክትባት ቀን ደህና የሚጫወት እኩያ ሕፃን ፈልጊ። እናቱን አስፈቅጂ፣ አያትየዋን እጇን አስታጥቢና የዚያን ልጅ ድድ አስዳስሻት። ያው እብጠት እዚያም አለ! «ታዲያ ይኼኛው ለምን አላመመውም እማማ?» በያት። ዝም ስትል ዝም በዪ። ሥራውን ጣቷ ይጨርስልሻል።

ደግሞ እናትየዋን ባዶ እጇን አትስደጃት። ባዶ እጇን የሄደች በማግስቱ አውጪው ደጅ ናት። ኦአርኤሱን፣ በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካውን ዱቄት፣ እዚያው በጥብጠሽ አሳያት፣ ዚንኩን ስጫት፤ ከስድስት ወር በታች ግማሽ ፍሬ፣ ከዚያ በላይ አንድ ፍሬ፣ ለ10 ቀን። ጡቱ እንዳይቋረጥ ንገሪያት። ሰገራው ደም ካለው ወይም ልጁ ከዛለ ግን ቶሎ ወደሚያክመው ይሂድ።

ግግ የማስወጣትን ጉዳት ስታስረጂ መድማቱን፣ ቴታነሱን፣ በአንድ ምላጭ የሚተላለፈውን ኤችአይቪ አንሺ። ከሥር ያለው ቋሚ ጥርስም ሊበላሽ ይችላል፤ ይህ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ስለሆነ ከግግ ጋር የሚያገናኘው የለም። እስራኤል ያሉ ሐኪሞች ከኢትዮጵያ በሄዱ የቤተ እስራኤል ልጆች ላይ ይህንኑ አይተው ጽፈዋል፤ ክራንቻው የለም፣ ተተኪውም ተጎድቷል። የ1997ቱ የወንጀል ሕግም የወተት ጥርስ ማውጣትን በስም ጠርቶ ያነሳዋል። ግን በሕጉ አትጀምሪ። በሕግ የጀመርሽ ቀን ነገሩ ማታ ማታ ይሆንና አንቺም አታዪውም።

መፋቂያውን አታስጥያቸው። የፊቱን ብቻ ሳይሆን መንጋጋውንም ይፋቁበት፤ ፍሎራይድ ስለሌለው የጥርስ ሳሙና የሚችል ይጨምርበት። ወረዳሽን አልነገርሽንም እንጂ ወደ ወንጂ ወይ መቂ አካባቢ ከሆነ ነገሩ ይለያል። እዚያ ጥርስ የሚበልዘው በውሃው ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነ ጉድጓድ ሞልቷል። እዚያ ልጆቹን «ስለማትፋቁ ነው» ማለት ግፍ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኩፍኝ የያዘው ወይም በምግብ እጥረት የከሳ ልጅ ድዱ ቆስሎ ከደማና አፉ ከሸተተ ኖማ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉት በሽታዎች ተርታ ያስገባው ነው። በጊዜ ከተያዘ በፀረ ተዋስያን ይመለሳል፤ ከዘገየ ጉንጩን ይበላዋል። ቤተሰቡ እርግማን ነው ብሎ ሊደብቀው ስለሚችል ቤት ለቤት የሚዞሩትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አስቀድመሽ አስጠንቅቂያቸው።

የወረዳሽን ስም ጻፊልን፤ ቅርብ ያለው የጥርስ ክፍል የት እንደሆነ ከመካከላችን የሚያውቅ አይጠፋም።